ማዳበሪያው ለአበባው ነው ወይስ ለሐይቁ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቅጠላቸውን የሚያረግፉ የአበባ ቁጥቋጦዎች ዓመቱን ሙሉ በየወሩ አንድ እፍኝ ማዳበሪያ እንዲሰጣቸው በአትክልት ዓምዳችሁ የወጣውን ምክር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ እያፈላሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ገዢዎቼ ገጹን አጣጥፈው ይዘው እየመጡ «እትዬ፣ አንድ እፍኝ ይላል፤ በማን እፍኝ ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር ነው። የጥበቃ ሠራተኛው እፍኝና የቤት እመቤቷ እፍኝ አይገናኙም። የማዳበሪያውም ዓይነት አልተጠቀሰም። ነጩ ይሁን ጥቁሩ፣ ፍግ ይሁን ብስባሽ፣ አንባቢው በራሱ ግምት እንዲሞላው ተትቷል። እዚህ ሰው «ማዳበሪያ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ዩሪያ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ በእፍኝ የሚቀልዱበት ነገር አይደለም።

ጸሐፊው ያልተሳሳቱበት ነገር እንዳለ ልመስክር። ቅጠሉን የሚያረግፍ ተክል ምግብ የሚፈልገው ሲያድግ ነው፤ ዐይኖቹ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣባቸው እምቡጦች፣ ማበጥ ሲጀምሩ ሥሩም ይነቃል፣ መብላትም ይጀምራል። እስከዚህ ተስማምተናል። ችግሩ ያለው «በየወሩ» እና «ዓመቱን ሙሉ» በሚሉት ላይ ነው። ይህ ምክር በተወለደባቸው ብርዳማ አገሮች እንኳ እንዲህ ተብሎ አይመከርም። እዚያ አትክልተኛው ማዳበሪያውን የሚሰጠው ብርዱ ሲለቅና ዐይኖቹ ሲያብጡ ነው። የበጋው፣ ማለትም የሞቃት ወራታቸው፣ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚያለመልመውን ናይትሮጅን መስጠት ያቆማል። ምክንያቱም ዘግይቶ የሚወጣ ለጋ ቅርንጫፍ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበትና ይጠቁራል። ስለዚህ እነሱ የሚጠነቀቁት ለውርጩ ነው።

ሐዋሳ ውርጭ የላትም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣ የኅዳር ሌሊቷ ቢቀዘቅዝም ተክል አያቃጥልም። የኛን ቁጥቋጦ ቅጠል የሚያራግፈው ድርቀቱ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት ከመጋቢት ገደማ ይጀምራል፤ በግንቦትና በሰኔ መካከል አንዳንዴ ይሳሳል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይበረታል፤ በጥቅምት ይሰናበታል። ከኅዳር እስከ የካቲት መሬቱ ይደርቃል። እንግዲህ ተክሉ የሚተኛበትን ጊዜ እኛ የምንቆጥረው በዝናብ ነው። የውርጭ አገር ሰው «ከበጋው አጋማሽ በኋላ አትስጥ» ሲል፣ ሐዋሳ ያለ ሰው «ከመስከረም መግቢያ በኋላ አትስጥ» ብሎ ያንብበው። በመስከረም መጨረሻ በናይትሮጅን ተገፍቶ የወጣ ለምለም ቅርንጫፍ ኅዳር ላይ ውሃ ሲያጣ ቀድሞ የሚጠወልገው እሱ ነው፤ ቅማሉም የሚወርረው እሱን ነው።

የኔ አሠራር ይኸው ነው። የመጀመሪያውን የምሰጠው የበልግ ዝናብ አንድ ሁለቴ ጥሩ አድርጎ ከጣለ በኋላ፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሳስገባ እስከ ታች እርጥብ ሲሆንና ዐይኖቹ ሲያብጡ ነው። ይህ አንዳንድ ዓመት መጋቢት መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመት ሚያዝያ አጋማሽ ይሆናል፤ ቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም። ሁለተኛውን፣ ለሚያስፈልገው ብቻ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መግቢያ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ ለጽጌረዳ ካልሆነ በቀር እጄን እሰበስባለሁ። ብዙዎቹ ቁጥቋጦዎች ሁለተኛውንም አይፈልጉም። ቅጠሉ ደህና አረንጓዴ ከሆነ፣ የዘንድሮው ቅርንጫፍም ካምናው ካላነሰ፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

በደረቅ መሬት ላይ ማዳበሪያ መበተን ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። ማዳበሪያ ጨው ነው፤ በደረቅ አፈር ውስጥ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደተለበለበ ሆኖ ይነዳል። ዩሪያ ከሆነ ደግሞ በሞቀ አፈር ላይ ሳይሸፈን ከተተወ፣ ትንሽ እርጥበት እንዳገኘ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ወደ አየር ይበናል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የማዳበሪያው ጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ የገዛችሁት ናይትሮጅን ሲሄድ ነው የሚሸታችሁ።

ልኩን በሚመለከት፣ ዓምዱ ያልሠራውን ሒሳብ ልሥራ። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ለቁጥቋጦ በአንድ ዙር ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም ያህል ናይትሮጅን በቂ ነው። ይህ ወደ 11 ግራም ዩሪያ ይሆናል፤ በቤታችን ቋንቋ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ። ካሬ ሜትሩ የሚለካው በግንዱ ዙሪያ ባለችው ጉድጓድ ሳይሆን ቅርንጫፉ በሚያጠላው መሬት ልክ ነው። ግንዱ ሥር መቆለል ከንቱ ነው፤ የሚበሉት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ከቅርንጫፉ ጫፍ ሥር እና ከዚያም ወጣ ብለው፣ ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ ነው። በትኖ፣ በመኮትኮቻ ቀለል አድርጎ ከአፈር ቀላቅሎ፣ ውሃ ማጠጣት። በቃ።

ጥቁሩን በተመለከተ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባለው በዳፕ ማዳበሪያ ቦታ የመጣው ኤን.ፒ.ኤስ የሚባለው ከመቶ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ የፎስፈረስ ኦክሳይድ እና 7 እጅ ድኝ አለው። ለበቆሎና ለጤፍ ታስቦ የመጣ ነው። «ፎስፈረስ አበባ ያበዛል» የሚለውን አባባል በየችግኝ መሸጫው እሰማለሁ፤ አፈሩ በቂ ፎስፈረስ ካለው የተጨመረው አበባ አያበዛም፤ አፈር ውስጥ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ሲበዛም ተክሉ ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ እንቅፋት ይሆናል። ለጓሮ ቁጥቋጦ በየዓመቱ ኤን.ፒ.ኤስ መግዛት ለኔ አይታየኝም።

አሁን ወደ ተክሎቹ ልምጣ፤ ሁሉም አንድ አይደሉምና።

ፍራንጂፓኒ በበጋ ባዶ እጁን ሲቀር የሚደነግጡ አሉ። ግንዱ ወፍራምና ውሃ የያዘ ነው፤ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያና ውሃ ስታበዙበት የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ዝናብ ሲጀምር ጫፉ ላይ ቅጠልም አበባም ብቅ ሲል፣ ያን ጊዜ አንድ ዙር ይበቃዋል።

ቡገንቪሊያ የሐዋሳ አጥር ሁሉ ጌጥ ነው፤ ከተማችን እንደምታውቁት ያለ እሱ ራቁቷን ናት። አበባ የምንለው ባለ ቀለሙ ክፍል ልዩ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነች። በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ያብባል። ስለዚህ ከተገረዘ በኋላ ጥቂት ምግብ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ውሃና ናይትሮጅን ሲበዛለት ረጅም፣ እሾሃም፣ አረንጓዴ ጅራፍ ብቻ ያወጣል። ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያምርበት። «አላበበልኝም» ብሎ ማዳበሪያ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ቱቦውን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚከፍት ነው።

ሮማን ቅጠሉን በበጋ የሚጥል፣ ቀይ አበባው ከፍሬው በፊት ዐይን የሚስብ ነው። ናይትሮጅን ዘግይቶ ከሰጣችሁት አበባውንና ለጋ ፍሬውን ይጥላል፤ ዕድገቱ ሁሉ ወደ ቅጠል ይሄዳል። ለሮማን ፍግ ወይም ብስባሽ በበልግ መግቢያ፤ ሌላ አያስፈልገውም።

ፖይንሴቲያን ልዩ ቦታ ልስጣት፤ በገና ሰሞን ጫፏ የሚቀላው ናት። እዚህ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ሆቴል፣ ስሙን አልጠራም፣ በግቢው ያለች ትልቅ ፖይንሴቲያ ግማሽ ጎኗ ቀልቶ ግማሽ ጎኗ አረንጓዴ ሆኖ ቀረባቸውና ጠሩኝ። አትክልተኛው በአረንጓዴው ወገን ብቻ ማዳበሪያ ሲሰጥ ከርሟል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል። ቀና ብዬ ሳይ በዚያው ወገን ግድግዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ትልቅ መብራት አለ። ይህች ተክል የምትቀላው ሌሊቱ ሲረዝምባት ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሌሊቱ ከቀኑ መርዘም ሲጀምር ያ ረጅም ጨለማ ያልተቋረጠ መሆን አለበት። መብራት ካቋረጠው፣ ኩንታል ዩሪያ ብታፈሱበት አይቀላም። ሥራ አስኪያጁ «እትዬ፣ ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «አምፖሉን አጥፉት» አልኳቸው። የመጡት ማዳበሪያ ሊያዙኝ ስለነበር ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ጽጌረዳ ደግሞ ሆዳም ናት፤ ይህን አልክድም። በብርዳማ አገር ቅጠሏን ታረግፋለች፤ እዚህ ግን ውሃ እስካገኘች ድረስ አረንጓዴ ሆና ትከርማለች፤ የሚያሳርፋት መቀሱ ነው። ከተገረዘች በኋላ እስክታብብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስድባታል። ስለዚህ በዝናቡ ወራት በየዙሩ፣ አበባው አልቆ ከተቆረጠ በኋላ፣ ያችኑ ማንኪያ መስጠት ትክክል ነው። በበጋ በቱቦ የሚያጠጣት ሰው በግማሽ ልክ ሊቀጥል ይችላል። «ባቱ ያሉ የአበባ እርሻዎች በየቀኑ ይመግቡ የለም ወይ?» የሚል ክርክር ይቀርብልኛል። ይመግባሉ፤ በጠብታ መስኖ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ በመሣሪያ እየተለካ፣ ዓመቱን ሙሉ ግንድ እየቆረጡ ለሚልኩት ተክል። እናንተ በዓመት ለእንግዳ ጥቂት ዘለላ ትቆርጣላችሁ። የሚወጣው ካልተመሳሰለ የሚገባው እንዴት ይመሳሰላል?

አዲስ የተተከለን ችግኝ ማዳበር የሚወዱም አሉ። ገና ከሆስፒታል ለወጣ ሰው ክትፎ ማቅረብ ነው። ሥሩ ከፕላስቲኩ ወጥቶ አፈሩን እስኪይዝ ድረስ ውሃና ጉዝጓዝ ይበቃዋል።

ቅጠል ቢጫ ሆነ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ራበው ማለት አይደለም። ታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ወጥ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ማነስ ሊሆን ይችላል። ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው እንደ መረብ ከታዩ ግን የብረት እጥረት ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሌለ ሳይሆን አፈሩ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሆኖ ስለያዘው ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈርና የጉድጓድ ውሃ ወደዚያ ያዘነብላል። ለዚህ ሰው በኛ ሰፈር የሚሰጠው መድኃኒት አመድ ነው! አመድ ፖታሲየም አለው፣ እውነት ነው፤ ግን አልካሊነቱን ይጨምራል፤ ቢጫውን ያባብሰዋል። ውሃ ተኝቶበት ሥሩ የታፈነ ተክልም ቢጫ ይሆናል፤ በሐምሌ ጎርፍ የሚቆምበት ግቢ ያላችሁ ይህን አስቡ። ማዳበሪያ ከመስጠታችሁ በፊት ቅጠሉን ቆርጣችሁ አምጡልኝ፤ ማየቱን አላስከፍልም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በሐዋሳ ያለ ሰው ማዳበሪያ ሲያባክን ጉዳቱ ከአጥሩ አያልፍም ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ዓምዳችሁ ግን ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የክረምት ጎርፍ ይገባበታል፤ ውሃው የሚቀንሰው በመትነንና ወደ መሬት በመስረግ ነው። ውሃው ሲተን ፎስፈረሱ አብሮት አይተንም። ከታቦር ተራራ ጎን የሚወርደው ጎርፍ፣ በኮብልስቶኑ ላይ የሚንሸራተተው፣ በየመንገዱ ቦይ የሚሄደው ሁሉ መድረሻው አንድ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሐይቅ ሲገቡ የሚያበቅሉት አበባ አይደለም፤ አልጌ ነው። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶ ዓሣ የምትበሉ ሁሉ ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል።

የሐይቁን ችግር ሁሉ በአበባ አትክልተኛ ጫንቃ ላይ ልጭን አይደለም። ከእርሻ የሚታጠበው አፈር፣ የከተማው ፍሳሽና ቆሻሻ ከኛ ማንኪያ ይበልጣል። ነገር ግን ሐይቅ ዳር ያሉት ግቢዎች ከውሃው እርምጃ ያህል ነው የሚርቁት፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ጠቁሮ እያዩ ዩሪያ በሣሩና በቁጥቋጦው ላይ ሲበትኑ አያለሁ። «ዝናቡ ያሰርገዋል» ይላሉ። ለስለስ ያለ ዝናብ ያሰርገዋል፤ የነሐሴ ዶፍ ግን ጠርጎ ይወስደዋል። በድንጋይ ንጣፍ ላይ የፈሰሰችውን የማዳበሪያ ፍሬ በመጥረጊያ ወደ አፈሩ መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በቱቦ ውሃ ወደ ቦይ ሲያጥቧት ነው የማየው።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ሲጮኽ ሁላችንም ሰምተናል። ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው። ለበቆሎ የታሰበው ጆንያ በየግቢው ለጌጥ ሲፈስ ማየት ለኔ ይከብደኛል፤ በተለይ አማራጩ በአፍንጫችን ሥር እያለ። ሲዳማ የቡና አገር ነው። በይርጋለምና በአለታ ወንዶ በኩል የቡና ገለባ ተከምሮ ይታያል። ገለባው ፖታሲየም አለው፤ ጥሬውን አፈር ውስጥ ከቀበራችሁት ግን ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይዞ ተክሉን ያስርባል። ከላም ፍግና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር በየንብርብሩ ተከምሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ እየተገላበጠ ወራት ከቆየ በኋላ ጠቁሮና ተፈርፍሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ነው የሚደርሰው። ከዚህ ሁለት ሦስት ጣት ውፍረት በቁጥቋጦው ዙሪያ በበልግ መግቢያ መጎዝጎዝ፣ ግንዱን ሳያስነኩ፣ ለአብዛኛው የግቢ ቁጥቋጦ የዓመት ቀለብ ነው። እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ቀስ እያለ ይመግባል። ዶፍ ሲመጣም እንደ ዩሪያ በአንድ ሌሊት አይሄድም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ዓምዱ እንዲቋረጥ አይደለም፤ ወድጄ የማነበው ነው። ምክሩ የሚጻፍለት አገር ይታወቅ፤ ልኩ በማንኪያና በካሬ ሜትር ይነገር፤ «በየወሩ» የሚለው ይታረም። እርማቱም በልግ ሳይገባ ቢወጣ ይሻላል፤ በግንቦት ቢወጣ ሰው ሁሉ በትኖ ጨርሷል።

አንድ ነገር ሳልጽፍ እንዳላልፍ። የተከፈተ የዩሪያ ጆንያ ጎን ለበዓል የተገዛ በግ ታስሮ ማየት እዚህ የተለመደ ሆኗል። በግ፣ ፍየልና ከብት ዩሪያ በብዛት ከላሱ በሰዓታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጨጓራቸው ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣልና። ነጭ ፍሬው ከጨው ጋር ስለሚመሳሰል ማእድ ቤት ውስጥ በቆርቆሮ ማስቀመጥም አይገባም። ጆንያውን አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር
ችግኝ ሻጯ አንባቢያችሁ
ሐዋሳ